ከጆሮ ሥር ያለው አጥንት

«እንኳንም የረቢያ ወንድም አልሆነ!» አለ ለሜሳ ከወፍጮው ጩኸት በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «የአንድ ቤት ሬሳ ቢሆን ለከተማው ምን ይፈይድ ነበር? አሁን የሁላችንም ሆነ። ከሞተ ከአራት ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል ተብሎ ከውጭ አገር ተረጋግጦ መጥቷል። ሙዚየም ይሠራለታል፤ ቱሪስት ይመጣል፤ የጎባ ስም ይነሳል።»

ረቢያ ከተቆለሉት ጆንያዎች ጀርባ ተራዋን ስትጠብቅ ነበርና አላያትም። ሴቶቹ ግን አይተዋታል። አንዷ ለሜሳን በክርኗ ጎሰም አደረገችው፤ ሌላዋ ቶሎ ብላ የስንዴ ዋጋ አነሳች። ኮምባይነሩ ሜዳውን ሁሉ እየላጨ ኩንታሉ ከሺህ ብር አልወርድ ያለው ነጋዴ ቢያፍነው ነው ስትል ሁሉም ተቀባበሏት። ባሌ ውስጥ ሰው ሲያፍር የሚደበቅበት ወሬ ስንዴ ነው። ለሜሳ ዘወር ሲል ከረቢያ ጋር ዐይን ለዐይን ተጋጠመ። የቀበሌ ሠራተኛ ነው፤ አፉ ይቀድመዋል እንጂ ክፉ ሰው አይደለም፤ አምና ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱም እሱ ነበር። «አዴ ረቢያ... አከም ቡልተን? እንዴት አደሩ? ሳላሕዲን የነገረዎት መስሎኝ እኮ ነው» አለ እየተርበተበተ። ሳላሕዲን ልጇ ነው። አልነገራትም። ረቢያ ስንዴዋን ከነጆንያው እዚያው ትታ ወጣች። ዳቦ ጋግራ የምታድር ሴት ስንዴዋን ሳታስፈጭ ስትሄድ ምን ማለት እንደሆነ የማይገባው አልነበረምና «የት ትሄጃለሽ?» ያላት የለም።

ነገሩ የጀመረው አምና ነው። ከጎባ በላይ ወደ ሳነቴ በሚያስወጣው ዳገት፣ ከብት በሚያድርበት የዋሻ ጥላ ሥር፣ ለነጭ ሽንኩርት ማሳ ፍግ ሲዝቁ የነበሩ ሰዎች ጉልበቱን አጥፎ በጎኑ የተኛ አጥንት አገኙ። ደርግ በሰባ ዓመተ ምሕረት ከዚህ ከተማ ብዙ ወጣት ወስዶ የት እንዳደረሰው አልታወቀም፤ ስለዚህ ከመሬት አጥንት ወጣ በተባለ ቁጥር የጎባ እናቶች ሥራቸውን ጥለው ይሮጣሉ። የረቢያ እናት አዴ ኢፍቱ፣ ዐይናቸው ከጠፋ ዘመን ያለፋቸው አሮጊት፣ በሰው ተመርተው ከሁሉ ቀደሙ። ልጃቸው ቦሩ ሲወሰድ ዕድሜው አሥራ ስምንት ነበር፤ የላይኛውን የፊት ጥርሱን በልጅነቱ በቅሎ ረግጣ ሰብራበታለች። የዋሻውም ሰው የላይኛው የፊት ጥርሱ የለም። አዴ ኢፍቱ ጣታቸውን በክፍተቱ ላይ አሳርፈው «ልጄ ነው» ሲሉ፣ አይደለም የሚል አንደበት ያለው ሰው አልተገኘም። በጎኑ መተኛቱም ጠቀመ፤ ፊቱን ወደ ቂብላ አዙሮ ያስተኛው አንድ ደግ ሙስሊም ቢኖር ነው ተባለ። ሼክ ጀሊል አሰገዱበት፤ በነጭ ከፈን ተጠቅልሎ ከሙስሊሙ መቃብር ገባ። አዴ ኢፍቱም ቦሩ ሲወደው የነበረውን የገብስ ገንፎ በቅቤ አርሰው ሰደቃ አወጡለት።

ረቢያ የዚያን ቀን ያለቀሰችው ለወንድሟ ብቻ አልነበረም። ቦሩ ሲወሰድ እሷ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ በሩ ተቀርቅሮ አድሮ በማያውቅ ቤት ነው የኖረችው። እናቷ «ሲመለስ ተዘግቶ ካገኘው፣ ሞተው አልቀዋል ብሎ ይሄዳል» ስለሚሉ በሩ ገርበብ ብሎ ያድራል። ከሳነቴ የሚወርደው ብርድ ይገባል፣ የሰፈር ውሻ ይገባል፣ ሌባም ገብቶ ድስትና ብርድ ልብስ ወስዶ ያውቃል። እዚያው ቤት አገባች፣ እዚያው ወለደች፣ ባሏም እዚያው ሞተባት። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ጆሮዋን በር ላይ ትታ ነው የተኛችው። በቀብሩ ማግስት ግን እናቷ ራሳቸው «ረቢያ፣ በሩን ቀርቅሪው። ሁላችንም ገብተናል» አሏት። አናጢ ጠርታ ወፍራም የጥድ መቀርቀሪያ አሠራች። ዘንድሮ አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ፣ ማታ ማታ መኪና ሲያጓራ ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን ሲውጥ፣ እሷ ከዚያ እንጨት ጀርባ እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። እንቅልፍ ማለት ምን እንደሆነ ያወቀችው በሃምሳ ዓመቷ ነው ማለት ይቻላል። እንግዲህ ከወፍጮ ቤት እስከ ቤቷ ስትሮጥ ያሰበችው አራት ሺህ ዓመቱን አልነበረም። ወሬው እናቷ ዘንድ ሳይደርስ እንድትደርስ ብቻ ነው የተመኘችው።

ቤቱ ባለሁለት ክፍል ነው፤ ግድግዳው በአሮጌ ጋዜጣ ተለጥፎ ጢስ አቅልሞታል። የአዴ ኢፍቱ አልጋ ከበሩ አጠገብ ነው፤ ያኔ የሚመጣውን ለመስማት እዚያ ያስጠጉት አልጋ አሁንም አልተነሳም። አሮጊቷ ተቀምጠው ሙስባሃቸውን ይቆጥራሉ። እግራቸው ሥር ሳላሕዲን ተቀምጧል፤ ከሮቤ በጠዋቱ ሚኒባስ መጥቶ ነው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ረዳት መምህር ነው፤ የዋሻውን ቦታ የሚያጠኑትን ሰዎች እየመራ የሚወስደው እሱ ነው። እናቱን ሲያይ ብድግ አለ፤ ከፊቷ እንዳወቀች ገባው። «ነገ ጁምዓ ነው» አሉ አዴ ኢፍቱ፣ የልጃቸውን ዳና ሰምተው። «ጠዋት ወደ ቦሩ ትወስጂኛለሽ። ሳላሕዲን ሚስት ሊያገባ ማሰቡን ልነግረው ነው።» ጁምዓ በመጣ ቁጥር እንደዚህ ነው። ከመቃብሩ አጥር ሥር በራስጌው በኩል ይቀመጡና ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሳምንቱን ወሬ ይነግሩታል፤ ማን ወለደ፣ ማን ሞተ፣ ቅቤ ስንት ገባ። ረቢያ «ኢንሻአላህ» አለችና ልጇን በዐይኗ ወደ ዳቦ መጋገሪያው ጠራችው።

መጋገሪያው በጓሮ ያለ የቆርቆሮ ዳስ ነው። እሳት አልነደደበትምና ይቀዘቅዛል። እናትና ልጅ ባዶ ምድጃ መሐል አድርገው ቆሙ።

«መቼ አወቅህ?»

«ከረመዳን በፊት።»

ረመዳንን አብሯቸው አፍጥሯል፤ ዒድን አብሯቸው በልቷል፤ ዐረፋን የአያቱን እጅ ይዞ መቃብሩ ድረስ ወስዷቸዋል። ረቢያ ልትጮህበት ቃጣትና ተወችው፤ ምክንያቱም እሷም ያለችበት ነገር ነው። አጥንቱ ከመቀበሩ በፊት እዚህ ቤት አንድ ሌሊት በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲያድር፣ ልጇ ከጆሮ ሥር ያለችው አጥንት እንደ ድንጋይ ጠንካራ ናት፣ የሰውየው ዘር እዚያ ውስጥ ሳይበሰብስ ይቆያል፣ ከአንቺ ምራቅ ጋር ሲያስተያዩት ቦሩ መሆኑ ያለ ጥርጥር ይታወቃል ብሎ ለመናት። እሷም ምራቋን በብልቃጥ ሰጠችው። ስለ አጥንቷ ግን እሺም እምቢም ሳትል «እንጨት ላምጣ» ብላ ወጣች፤ ተመልሳ ስትገባ ጨርቁ እንደገና ተቋጥሮ ነበር። እናቷ አልተነገራቸውም። እርግጠኛ መሆን ፈልጋ ነው፤ ያ መቀርቀሪያ የቆመው በእውነት ላይ መሆኑን ማወቅ ፈልጋ። የመጣላት መልስ ግን ይህ ሆነ።

«የኔ ምራቅስ?» አለች በመጨረሻ።

ሳላሕዲን ለተማሪ እንደሚያስረዳ ጀመረ፤ ሌላ መናገሪያ የለውም። ሰውየው ገበሬ አልነበረም አላት። አውሬ እያደነ፣ ሥራሥር እየቆፈረ የሚኖር ሰው ነው፤ ከብት አያውቅም፣ ማረሻ አያውቅም። በኋላ ግን ስንዴና ገብስ፣ በግና ፍየል ይዘው፣ ከሰሜን፣ እንዲያውም ከባሕር ማዶ፣ ትውልድ በትውልድ እየተጓዙ የመጡ ሰዎች ከዚህ አገር ሰው ጋር ተዋለዱ። የእነዚያ ገበሬዎች ዲኤንኤ በእሷ ምራቅ ውስጥ አለ፤ በዛሬው ሰው ሁሉ ውስጥ፣ በአንዱ በዛ በሌላው አነስ ብሎ፣ ይገኛል። በእሱ አጥንት ውስጥ ግን ምንም የለም። እነሱ ሳይመጡ ነው የሞተው። ረቢያ ጣቷ ላይ የቀረውን የወፍጮ ቤት ዱቄት አየችና በቀሚሷ ጠረገችው። «ጥርሱስ?» አለች። «ጥርሱ በሕይወት እያለ የወለቀ ነው፤ ጥርሱ የነበረበት የመንጋጋ አጥንት ድኖ ተደፍኗል። አጋጣሚ ነው፣ እማ።» ከዚያም ለመናገር የመጣበትን ተናገረ። የተቀረው አጥንት ወደ አዲስ አበባ ይወሰዳል፤ ፈቃድ ወጥቷል፤ ሽማግሌዎቹም ተስማምተዋል፤ መቃብሩ ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ ይከፈታል።  ሳላሕዲን የምድጃውን አመድ በጫማው ጫፍ ገፋ። «ውሰዱት» አለች ረቢያ። «ጉድጓዱን ግን ትደፍኑታላችሁ፤ ድንጋዩን ወደ ቦታው ትመልሳላችሁ። ለአያትህ ለአኮ አንዲት ቃል አትተነፍስም። ጁምዓ ጁምዓ እየወሰድኳት ባዶውን ታውራው። እኔ ነኝ የምወስዳት፤ ኃጢአቱም የኔ ይሁን።» እሱም በአላህ ስም ማለላት።

ለዐስር ሶላት አዛን ሲል ወደ መቃብሩ ሄደች። ሴት ወደ ውስጥ አትገባምና ከአጥሩ ውጭ ቆመች። የመጡት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ በአካፋ ጀምረው ወደ ታች ሲደርሱ በእጃቸውና በብሩሽ ሆነ። ክፉ ቢሆኑ ደስ ይላት ነበር፤ ትሰድባቸው ነበር። ነገር ግን ከአዲስ አበባ የመጣችው ወጣት ተንበርክካ እያንዳንዱን አጥንት እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጇ ነው የምታነሳው። ከፈኑ ገና በአንድ ዓመቱ ቡናማ ሆኗል። ሼክ ጀሊል ጥምጣማቸውን እያስተካከሉ ወደ አጥሩ ተጠጉ። ምን እንደሚሉ ጨንቋቸዋል። «ሶላቱ ለቦሩ ነበር» አሉ ቆይተው። «የትም ይሁን፣ ለቦሩ ደርሷል። ያ አይጠፋም።» ረቢያ ራሷን ነቀነቀች። ሳጥኑ ሲዘጋ ግን ያላሰበችው ኀዘን ያዛት። ለዚህ ሰው ከልቧ አልቅሳለታለች፤ ስሙን ባታውቅም አንድ ዓመት ወንድሟ ሆኖ ኖሯል፤ በእሱ ምክንያት ተኝታ አድራለች። አሁን ሁለቱም በአንድ ቀን ጠፉባት፣ ይኼኛውም ያኛውም። አፈሩ ተመልሶ እስኪሞላና ድንጋዩ እስኪቆም ቆማ ጠበቀች፤ ሳላሕዲን ሰዎቹን ሊሸኝ ቀረ።

ቤት ስትገባ እናቷ «ዱቄቱስ?» አሏት። «ወፍጮው ተበላሽቷል» አለች። አዴ ኢፍቱ ራሳቸውን ወደ መስኮቱ አዘነበሉ። «ድምፁ ይሰማኛል እኮ» አሉ። ከዚያ በላይ አልጠየቁም። ረቢያ ሻይ ጣደች። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ሆኖም ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ዝቅ አለላት። አለፈ፣ ብላ አሰበች። ነገ ጁምዓ ነው፤ ትወስዳቸዋለች፤ ያወራሉ፤ ይመለሳሉ፤ በሩ ይቀረቀራል። ውሸት ቢሆንስ? ስንት ሰው በውሸት ይተኛል።

በሩ ተንኳኩቶ የገባችው ሸዋርጋ ናት። ሸዋርጋ የአጥር ጎረቤታቸው ናት፤ ክርስቲያን ናት፤ ከአዴ ኢፍቱ ጋር በሐዘንም በበዓልም ሲጠራሩ ነው ያረጁት። አንዷ ቤት ለቅሶ ሲሆን ሌላዋ ቤት እሳት አይነድም። መቃብሩ መከፈቱን ሰምታለች፤ ሰምታ ከመቀመጥ ይልቅ እንደ ወጉ ልታጽናና መጥታለች። አራት ዳቦ በሻሽ ቋጥራለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ለብሳለች፤ አንድ ልጅ ሁለት ጊዜ ከጠፋበት ቤት ሌላ እንዴት ሆኖ ይገባል? ረቢያ ከምድጃው ዘላ ተነስታ በዐይኗም በእጇም ለመነቻት። ሸዋርጋ ደነገጠች፤ ገባት፤ ዳቦውን ከጀርባዋ ደበቀች። «እንደው... እንዴት ዋልሽ ልል ነው፣ ኢፍቱ» አለች። ሰላምታ ሳይሳሳሙ አይሆንምና ጎንበስ ብላ ጉንጯን ሰጠች። የማያይ ሰው በእጁ ነው የሚያየው፤ አዴ ኢፍቱም እንደ ሁልጊዜው አንገቷን በሁለት እጃቸው አቀፉ። ጣታቸው ቆመ። ከዚያ አንገቷ ሥር ያለውን ጥለት ከዳር እስከ ዳር በቀስታ ዳሰሱት።

«ማን ሞተብሽ?»

«ኧረ ማንም አልሞተብኝ፣ እግዜር ይመስገን።»

«ጥለቱ ወደ ላይ ነው፣ ሸዋርጋ። ለቅሶ ነው የወጣሽው። የማን ቤት?»

ሸዋርጋ መዋሸት የምትችል ሴት አልነበረችም። ወደ ረቢያ አየች፤ ረቢያ ወደ መሬት አየች።  ሸዋርጋ እንባዋ ቀድሟት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አወጡት፣ እህቴ። የኛ ልጅ አይደለም አሉ» አለች።  አዴ ኢፍቱ አልጮሁም። ሙስባሃቸውን ትራሱ ሥር አስገቡና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። ሳላሕዲን የገባው ይኼኔ ነው። በሩ ላይ ቆሞ የሁሉንም ፊት ሲያይ፣ የማለው መሐላ እንዳበቃ ገባው።

«ና ቁጭ በል» አሉት። «ማን ነው የቀበርኩት?»

ነገራቸው። ጠዋት ለእናቱ የነገራትን ለአያቱ በኦሮምኛ፣ በአጭር ቃል፣ እጃቸውን ይዞ ነገራቸው። እሳቸውም ከሱቅ ዕቃ እንደሚገዛ ሰው እያንዳንዷን እየመረመሩ ጠየቁት።

«ገብስ አያውቅም?»

«አያውቁም ነበር፣ አኮ። ገብስ ገና አልመጣም።»

«ገንፎ አወጣሁለት እኮ» አሉ ለራሳቸው። «እናት ነበረችው?»

«ነበረችው። እንዲያውም መጀመሪያ ያወቁት የእናቱን ዘር ነው። እናት ለልጇ የምታወርሰው ነገር አለ፣ ከአጥንቱ ውስጥ አልጠፋም።» ከዚያ ሳላሕዲን የሚያጽናና መስሎት ጨመረ። «ሰው ሁሉ ከሌላ ቦታ የመጣና እዚህ ከነበረው ጋር የተቀላቀለ ነው፣ አኮ። የእሱ ወገኖች ደም በእርስዎም ውስጥ ትንሽ አለ፣ በእማማ ሸዋርጋም ውስጥ አለ። የሁላችንም ዘመድ ነው ማለት ይቻላል።»

አዴ ኢፍቱ እጃቸውን ከእጁ ውስጥ ቀስ ብለው አወጡ።

«የሁላችሁም ከሆነ ሁላችሁ አልቅሱለት» አሉ። «እኔ የጠፋብኝ አንድ ነው።»

 ሸዋርጋ ዳቦዋን ከጀርባዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ ማንም አልቆረሰውም። ውጭ ከሮቤ የሚመለሱ ሚኒባሶች ጥሩምባ ይሰማል፤ ወፍጮው አሁንም ይጮኻል፤ ረቢያ ስንዴዋ እዚያ እንደቀረ ትዝ ቢላትም ነገ የምትጋግረው ነገር መኖር አለመኖሩ ግድ አልሰጣትም። እናቷ እንዲያለቅሱ ጠበቀች። ቢያለቅሱ ታቅፋቸው ነበር፤ ጥፋቷን ትነግራቸው ነበር፤ ስለዚያች የጆሮ ሥር አጥንት፣ ስለ እንጨቱ፣ ስለ ምራቋ። እሳቸው ግን አላለቀሱም። ራሳቸውን ወደ በሩ አዘንብለው ተቀመጡ፤ ረቢያ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው፣ አንድ ዓመት ሙሉ ያላየችው አቀማመጥ ነው። ሸዋርጋ ነጠላዋን ገልብጣ እንደወትሮው ለብሳ ሄደች። ሳላሕዲንም መኪና ሳያመልጠኝ ብሎ የአያቱን ጉልበት ስሞ ወጣ፤ እናቱን ግን ዐይኗን ሳያይ ነው የተሰናበታት።

መግሪብ ተሰገደ። ብርዱ ከሳነቴ መውረድ ጀመረ፤ ከላይኛው ሰፈር አንድ መኪና እያጓራ መጥቶ አለፈ። ረቢያ ምድጃውን ከደነች፤ ለእናቷ ጋቢ ደረበችላቸው፤ ወደ በሩ ሄዳ የጥዱን መቀርቀሪያ አነሳች። እንጨቱ ብዙ ጊዜ ከመነካቱ የተነሳ ለስልሷል።

«ረቢያ» አሉ አዴ ኢፍቱ።

«አቤት፣ ሀርሜ።»

«አትቀርቅሪው። ውጭ ሰው አለን።»

ረቢያ መቀርቀሪያውን እንደያዘች ትንሽ ቆመች። ከዚያ ግድግዳው ላይ አስደግፋ አቆመችውና በሩን ገርበብ አደረገችው። ብርዱም እንደ ድሮው፣ ቤቱን እንደሚያውቅ ሰው፣ ማንንም ሳይጠይቅ ቀጥ ብሎ ገባ።